ቤላ ታርን እንዴት እንየው? ከድንቹ እንጀምር

የቤላ ታርን ፊልም መጀመሪያ የከፈትኩት ከሥራ መልስ አልጋ ላይ ተጋድሜ ነው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጥፋቱ የሃንጋሪው ዳይሬክተር አልነበረም። እኔ «ቀጥሎ ምን ይመጣል?» እያልኩ ስጠብቅ ነበር፤ እሱ ጋ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ያው የቅድሙ ነው። ጥበቡ ያው ነገር ሲደጋገም ምን እንደተለወጠ ማሳየቱ ላይ ነው።

በየትኛው ልጀምር ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውን «ሳታንታንጎ»ን ለጊዜው ተዉት። ከሰባት ሰዓት በላይ ነው፣ ትጣላላችሁ። እ.ኤ.አ. የ2011ዱን «የቱሪን ፈረስ» ያዙ። ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ፊልሙን በስልክ ማየትማ አይታሰብ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ብዙው ቦታ ጨለምለም ያለ ነው፤ መብራት አጥፉ፣ ድምፁን ከፍ አድርጉ። ነፋሱ ከተዋናዮቹ በላይ ያወራል።

መግቢያው አንድ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ቱሪን ከተማ ውስጥ ፈላስፋው ኒቼ አንድ ባለጋሪ ፈረሱን ሲገርፍ አይቶ የፈረሱን አንገት አቅፎ አለቀሰ፣ ከዚያ ወዲህ አእምሮው አልተመለሰም ይላል ተራኪው። ፈረሱስ ምን ሆነ? ታር የሚነሳው ከዚህ ነው። ስድስት ቀን ከባለጋሪው፣ ከሴት ልጁና ከፈረሱ ጋር ትከርማላችሁ።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ምስሉ በተቆረጠ ቁጥር አንድ ጭረት አድርጉ። የቂል ሥራ ይመስላል፣ አውቃለሁ። ግን ፊልሙ በሙሉ 30 ሾት (ሳይቆረጥ የሚሄድ ምስል) ብቻ ነው፣ አንዱ በአማካይ ወደ 5 ደቂቃ ይሄዳል ማለት ነው፣ እና መቁረጡ አልመጣ ሲላችሁ ዓይናችሁ ሳታውቁት ካሜራውን መከተል ይጀምራል፤ ከምድጃው ወደ መስኮቱ፣ ከበሩ ደግሞ ልጅቷን ተከትሎ ባልዲዋን ይዛ፣ ነፋሱ ልብሷን እየገፈተረ፣ እስከ ውሃ ጉድጓዱ። ሌላው ዳይሬክተር ቆርጦ የሚያሳያችሁን እሱ በእግራችሁ ያስኬዳችኋል።

ከዚያ ድንቹ። እዚህ ጋ ተረጋጉ። የአባትየው ቀኝ እጅ አይሠራም። ለየራሳቸው አንድ አንድ ቅቅል ድንች ነው ያላቸው፣ ሹካ የለ ምን የለ። በመጀመሪያው ቀን ካሜራው አባትየው ላይ ነው። እንፋሎቱ እየወጣ በአንድ እጁ ይልጠዋል፣ ያቃጥለዋል፣ እፍ እፍ ይላል፣ ሳይበርድ ይጎርሳል፣ ሳይጨርስ ይነሳል። በሁለተኛው ቀን ያው ጠረጴዛ፣ ያው ድንች፣ ግን ካሜራው ልጅቷ ላይ ነው። እሷ ቀስ ብላ ነው የምትበላው። በሦስተኛው ሁለቱን አንድ ላይ ታያላችሁ። ሦስቱን ማዕድ አከታትላችሁ መልሳችሁ እዩ። እኔ ሰውየው የገባኝ ያኔ ነው።

ሙዚቃውም እንደዚሁ ነው፤ የሚሃይ ቪግ አንድ ዜማ እየዞረ ይመጣል። ስክሪፕቱን ከታር ጋር የጻፈው እ.ኤ.አ. በ2025 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል የተሸለመው ደራሲ ላስሎ ክራስናሆርካይ ነው፣ የሱም ዓረፍተ ነገር እንደ ታር ሾት ማለቂያ የለውም። ተገናኝተዋል!

«ፈረሱ የምን ምሳሌ ነው?» ብላችሁ አትቸኩሉ። ይልቅ የጎደለውን መዝግቡ። ፈረሱ አልሄድም ይላል፣ መብላት ያቆማል። ጉድጓዱ ይደርቃል። ፋኖሱ አልበራ ይላል። ካንቀላፋችሁ አቁሙት፤ ፊልሙ በቀን በቀን ስለተከፈለ ነገ ትቀጥላላችሁ። እኔ የጨረስኩት በሦስት ማታ ነው።

መጨረሻ ላይ ድንቹ ጥሬ ነው። አባትየው «መብላት አለብን» ይላል። ልጅቷ አትነካውም። እዚህ ስትደርሱ ወደ መጀመሪያው ቀን ማዕድ መልሱትና ጣቱን ያቃጠለውን ያን እንፋሎት እዩት።