ያረጀች ድመት ስትታመም ጭንቀትን ወደ ክትትል መለወጥ

አሥር ዓመት ያለፋት ድመት ምግብ ስትተውና ጥግ ስትይዝ ባለቤቷ እንቅልፍ ቢያጣ አያስደንቅም፤ ጭንቀቱ የሚቀለው ግን ምን መከታተል እንዳለበት ሲያውቅ ነው። በዕድሜ በገፉ ድመቶች ላይ የኩላሊት ሕመም በብዛት ስለሚታይ፣ የምትጠጣው ውኃና ሽንቷ መጨመሩን፣ ክብደቷም መቀነሱን በማስታወሻ ደብተር መመዝገብ ለሐኪሙም ለራስዎም ይጠቅማል። ተኝታ ሳለች ትንፋሿን ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ በተደጋጋሚ ከ30 በላይ ከሆነ፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ወይም እያማጠች ሽንት ካልወጣት፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። ሙሉ ቀን ምንም ካልበላችም አይዘግዩ፤ ረሃብ በድመት ጉበት ላይ ስብ እንዲከማች ያደርጋልና። አጥብቄ የምለምነው በርኅራኄ ተነሣሥተው ፓራሲታሞል እንዳይሰጧት ነው፤ አንድ ፍሬ እንኳ ሊገድላት ይችላል።

ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ ከመቀመጥ ይልቅ የመጎብኛ ሰዓት ይወስኑ፤ ከቤተሰብ ጋርም ተራ ይግቡ፤ ያልተኛ ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ ለመስጠት ይቸገራልና። ሐኪሙንም «ሕመም ይሰማታል? ይህ ምርመራ በሕክምናዋ ላይ ምን ይለውጣል?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ፤ መልሱንም እዚያው ይጻፉት።