ከሌላ ዓለም ለመጡ እንግዶች አማላጅ የሚሆን ሳይንቲስት እንዴት ይጻፋል?

ከሌላ ዓለም የመጡ እንግዶችን ከምድር ሰዎች ጋር የምታገናኝ ሳይንቲስት በአማርኛ ልብ ወለድ ለመፍጠር ካሰቡ፣ ስለ መንኮራኩሩ ቅርጽና ስለ እንግዶቹ መልክ ከመጨነቅዎ በፊት ይህች ሰው በሁለቱ ወገኖች መካከል የምትቆመው በማን አመኔታ እንደሆነ ይወስኑ። በእኛ አገር አማላጅ ሆኖ የሚላክ ሰው በሁለቱም ቤት የሚከበር፣ የላኪውን ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚያደርስ፣ ቢቆጡትም የሚታገሥ ነው። ሳይንቲስቷም ይህ ሁሉ ያስፈልጋታል፤ ሙያዋ ደግሞ ከማመን በፊት መጠራጠርን ይጨምርባታል። በጀማሪዎች ረቂቅ ላይ ደጋግሜ የማየው ጉድለት ይህ ጥርጣሬ መጥፋቱ ነው፤ ሳይንቲስቱ ከጠፈር የመጣ ምልክት በሰማ ማግስት ጋዜጠኛ ይጠራል፣ አንባቢውም ከዚያ በኋላ አያምነውም።

ስለዚህ ታሪኩን ከማጣራቱ ሥራ ይጀምሩ፤ ለዚህም እውነተኛው ታሪክ በቂ ስንቅ ይሰጥዎታል። እ.ኤ.አ. በ1967 በካምብሪጅ የዶክትሬት ተማሪ የነበረችው ጆስሊን ቤል በየ1.33 ሰከንዱ ሳያዛንፍ የሚደጋገም የራዲዮ ምት አገኘች፤ ቡድኑ ለጊዜው፣ የሌላ ዓለም ፍጡራንን በማሰብ፣ «ትንንሽ አረንጓዴ ሰዎች» የሚል ስም ቢያወጣለትም ምንጩ በፍጥነት የሚሽከረከር የሞተ ኮከብ ነበር። በአውስትራሊያው የፓርክስ ራዲዮ ቴሌስኮፕ ለዓመታት ሲያደናግር የቆየ ምልክት ደግሞ በ2015 ሲጣራ፣ የጣቢያው ማይክሮዌቭ ምድጃ ሥራውን ሳይጨርስ በሩን ሲከፍቱት የሚያመልጥ ሞገድ ሆኖ ተገኘ። በኦሃዮ ነሐሴ አጋማሽ 1977 ለ72 ሰከንድ የተሰማው ኃይለኛ ምልክት፣ ተመራማሪው ጄሪ ኤማን በታተመው ወረቀት ጠርዝ ላይ በቀይ ቀለም «ዋው!» ብሎ የጻፈበት፣ እስከ ዛሬ አልተደገመም። የእርስዎ ሳይንቲስትም መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቷን ወጥ ቤት፣ ቀጥሎ ተፈጥሮን ትመርምር፤ ከዚያ ምልክቱ እስኪደገም ድረስ እንቅልፍ አጥታ ትጠብቅ።

ቦታውን ሲመርጡ መሣሪያውን ይወቁ። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ብርሃን የሚሰበስቡ ናቸው እንጂ ራዲዮ አይሰሙም። ታሪኩ እዚያ እንዲሆን ከፈለጉ እንግዶቹ በሌዘር ብልጭታ ይናገሩ፣ ወይም ሳይንቲስቷ የውጭ አገር ራዲዮ ቴሌስኮፕ የቀዳውን መረጃ በኢንተርኔት ተቀብላ ትመርምር።

መልእክቱን የመፍታቱ ትዕይንት ሰፊ ጊዜ ይገባዋል፤ ሰዎች ወደ ጠፈር የላኩትን አንድ መልእክት ማወቅም እዚህ ላይ ይጠቅማል። ኅዳር 1974 ፖርቶ ሪኮ ይገኝ ከነበረው የአሬሲቦ ራዲዮ ቴሌስኮፕ 1,679 የ«አለ» እና የ«የለም» ምቶች ወደ ሩቅ የኮከቦች ክምችት ተላኩ። ቁጥሩ የተመረጠው ከ23 እና ከ73 በቀር የሚያካፍለው ስለሌለ ነው፤ ምቶቹ በ23 ዓምድና በ73 ረድፍ ሲደረደሩ የሰው ምስል፣ የፀሐይ ቤተሰብና የቁጥሮች ዝርዝር ይወጣል። እንግዶቹ በዚያው ቁጥር መልሰው ላኩ እንበል። ሳይንቲስቷ በእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ የሸማኔ ልጅ ናት። ማታ ባለ ካሬ ደብተር ዘርግታ ለ7፣ ለ11፣ ለ13 ስታካፍል ቆይታ 23 ላይ ትደርሳለች፤ ምቶቹን 73 ዓምድ አድርጋ በእርሳስ ስታጠቁር ግን የረባ ነገር አይወጣም። አባቷ መወርወሪያውን አስቀምጦ በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ ያያል። «ልጄ፣ አዙረሽ ነው የያዝሽው፤ ድሩን 23 አድርጊው» ይላታል። እንዲህ ያለ ትዕይንት ሒሳቡን ለማያውቅ አንባቢም ሒሳቡን ያሳየዋል። ርቀቱን ግን አይርሱ፤ የ1974ቱ መልእክት እስካሁን የተጓዘው 50 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በ50 ዓመት የሚሄደውን ርቀት) ያህል ስለሆነ፣ መልሱም ያንኑ መንገድ መመለስ ስላለበት፣ መልሱ ዛሬ የደረሰ ከሆነ ሰሚዎቹ ከ25 የብርሃን ዓመት ብዙም ርቀው ሊሆኑ አይችሉም።

ከሁሉ በላይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሊያስብበት የሚገባው የአጠራሩ ጉዳይ ነው። እንግዳውን «አንተ» ልትለው ነው ወይስ «አንቺ»፣ «እርስዎ» ወይስ «እናንተ»? በእኛ ቋንቋ ጾታን፣ ቁጥርን ወይም ክብርን ሳይወስኑ ሰውን በግሥ ማናገር አይቻልም፤ አንድ አካል ይሁኑ ብዙ፣ ወንድና ሴት ይኑራቸው አይኑራቸው ገና ያላወቀች ሳይንቲስት በመጀመሪያው ቃል ልትሳሳት ትችላለች። «እንደምን አደራችሁ» ብትል ሌሊት ለሌለው ዓለም ነዋሪ ትርጉም ላይሰጥ ይችላል። «ጤና ይስጥልኝ» ግን ሰላም የሚሉትን ሰው ጾታም ብዛትም አይጠይቅም፤ ከዚህ ሰላምታ መጀመሯ የቋንቋዋን ጠባይ የምታውቅ ሰው መሆኗን ያሳያል። በ1977 በቮዬጀር መንኮራኩሮች የተላከው በወርቅ የተለበጠ የድምፅ ሸክላ በ55 ቋንቋዎች ሰላምታ ሲይዝ ሉጋንዳና ሶቶ ቢኖሩበትም አማርኛ የለበትም። ስለዚህ የመጀመሪያውን የአማርኛ ሰላምታ መምረጡ በእሷ ላይ ወድቋል፤ ይህን ሸክም ስታስበው፣ ስትጽፈውና ስትሰርዘው ያሳዩ።

የታሪኩን ግጭት ከእንግዶቹ ክፋት መፈለግ አያስፈልግም። ዓለም አቀፉ የአስትሮኖቲክስ አካዳሚ በ1989 ባወጣው መርሖ መሠረት ምልክት ያገኘ ሰው መጀመሪያ ማረጋገጥ፣ ከዚያ ለሌሎች ተመራማሪዎች ማሳወቅ አለበት፤ ዓለም አቀፍ ምክክር ሳይደረግም መልስ አይላክም። መርሖው ሕግ ሆኖ የሚያስገድድ አይደለም፤ ሳይንቲስቷን የሚይዛት ኅሊናዋ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች!» የሚል እንግዳ ሲጣራ ዝም ማለት ነውር ነው ተብላ ያደገች ናት። እነዚህን ሁለት ግዴታዎች በአንድ ሌሊት ያጋጥሟቸው፤ ስለ መልሱ የሚመክረው ስብሰባ ለሦስተኛ ጊዜ ይራዘም፣ ምልክቱም በየሌሊቱ እየደከመ ይሂድ። መልስ ከላከች ሥራዋንና የባልደረቦቿን አመኔታ ታጣለች፤ ካልላከች እንግዶቹ ቤቱ ባዶ ነው ብለው ያልፋሉ። የትኛውንም ቢመርጡላት የምትከፍለውን ዋጋ በሙሉ ያስከፍሏት፤ ውሳኔውንም በስብሰባ አዳራሽ ሳይሆን የአባቷ ሸማ ከተወጠረበት መስሪያ አጠገብ፣ ያ ባለ ካሬ ደብተር ተዘርግቶ ሳለ ትወስን።