ኮዱ እምቢ ሲል፦ የቡድን ፍለጋ ጨዋታ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የኪውአር ኮድ ፍለጋ ጨዋታ ማለት ቡድኖች በየቦታው የተለጠፉ፣ በስልክ ካሜራ የሚነበቡ ባለነጥብ ካሬ ኮዶችን እየፈለጉ፣ ከእያንዳንዱ ኮድ በሚያገኙት ፍንጭ ወደ ቀጣዩ ቦታ የሚሄዱበት ነው። ስናዘጋጀው ሐሳባችን ሁሉ ፍንጩ ላይ ነው። ጨዋታውን የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ወረቀቱና የተለጠፈበት ቦታ ነው።

ስልኩ ኮዱን አያነብም

መጀመሪያ መጠኑን እዩ። አንድ ኮድ በግምት የጎኑን 10 እጥፍ ያህል ርቀት ድረስ ይነበባል። 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኮድ ከ30 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ ያስቸግራል። ከፍ ብሎ የሚለጠፍ ከሆነ አሳድጋችሁ ፕሪንት አድርጉት።

መጠኑ ደህና ከሆነ ችግሩ ጠርዙ ላይ ይሆናል። ኮዱ ዙሪያውን ነጭ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ ቢያንስ ኮዱ ከተሠራባቸው ትናንሽ ካሬ ነጥቦች የ4ቱን ስፋት ያህል። ወረቀቱ ጥግ ድረስ ከተቆረጠ ወይም ፕላስተሩ በ3ቱ ማዕዘኖች ካሉት ትልልቅ ካሬዎች አንዱን ከሸፈነ ካሜራው ኮዱን አያገኘውም።

ላሚኔት የተደረገ (በፕላስቲክ የተሸፈነ) ወረቀት ዝናብ ይችላል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ግን ያንጸባርቃል። አንድ ጊዜ መስኮት አጠገብ የለጠፍኩት ኮድ ጠዋት ስሞክረው ሠርቶ ከሰዓት እምቢ አለ። ሁለት ቡድን ፊቱ ቆሞ ስልክ ሲያዘነብል ቆየ። አንዷ በደብተሯ ጥላ ስትሠራለት ወዲያው ተነበበ። ከዚያ ወዲህ ኮድ የምሞክረው ጨዋታው በሚካሄድበት ሰዓት ነው።

ተነበበ፣ ገጹ ግን አይከፈትም

ወይ እዚያ ቦታ ኔትወርክ የለም፣ ወይ ሊንኩ የሚያልፈው ኮዱን በሠራላችሁ ድረ ገጽ በኩል ሆኖ የአገልግሎት ጊዜው አልቋል። ፍንጩን ራሱን እንደ ጽሑፍ ኮዱ ውስጥ ብታስገቡት ኢንተርኔት አያስፈልግም። ግን አሳጥሩት። አብዛኛውን ጊዜ አንድ የአማርኛ ፊደል በኮዱ ውስጥ የ3 የእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ይይዛል። አንቀጽ ከጻፋችሁ ነጥቦቹ ደቅቀው ደከም ያለ ካሜራ አይለያቸውም። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ሁሉም ቡድን አንድ ቦታ ተከማቸ

ይህ ጨዋታውን ከሥሩ የሚገድል ነው። ሁሉም ከአንድ ቦታ ከተነሳ ኋላ ያለው ቡድን ፍንጭ መፍታት አያስፈልገውም፤ የፊተኛውን ተከትሎ መሮጥ ብቻ ነው። ቦታዎቹን በክብ አያይዟቸው፤ ለምሳሌ 6 ቦታ ካላችሁ 6ኛው ወደ 1ኛው ይምራ። ከዚያ እያንዳንዱን ቡድን ከተለያየ ቦታ አስነሱ። በየቦታው የመጨረሻውን ቃል የሚሠራ አንድ ፊደል የምትሰጡ ከሆነ የፊደሉን ተራ ቁጥርም ጻፉበት። አለዚያ ከ3ኛው ቦታ የተነሳው ቡድን ቃሉን ከመሃል ጀምሮ ያነበዋል።

አንዱ ቡድን ሳይዞር ጨረሰ

የሊንኮቹ ስም በ1፣ 2፣ 3 የሚሄድ ከሆነ ቀጣዩን መገመት ቀላል ነው። የኮዱን ፎቶ ለጓደኛ መላክም ይቻላል። በየቦታው ቡድኑ በሙሉ የሚታይበት ፎቶ ጠይቁ። እዚያ ሳይደርሱ የማይመለስ ጥያቄ፣ ለምሳሌ የደረጃውን ብዛት፣ ብትጨምሩ ደግሞ የተሻለ ነው።

ፍንጩ አልገባቸውም

መልሱን ለማያውቅ ሰው ቀድማችሁ አስነብቡ። እሱ ከተቸገረ ቀይሩት። ለጨዋታው ቀን ደግሞ አጋዥ ፍንጭ በእጃችሁ ይኑር።

ኮዱ ከቦታው ጠፋ

ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ወይም ጽዳት ሠራተኛ አንስቶት ይሆናል። ከኮዱ በታች «ጨዋታ ላይ ነን፣ ማታ እናነሳዋለን» ብላችሁ ጻፉ። የሁሉንም ኮድ ቅጂም ኪሳችሁ ያዙ።