ለሲስቲክ ፋይብሮሲስ ምርመራ የሚሆን አክታ እንዴት ይሰጣል?

እኛ ሀገር «አክታ ስጥ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ቲቢ ነው። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ላለበት ሰው ግን የአክታ ምርመራ የዘወትር ጉዳይ ነው። አሜሪካ ውስጥ በየ3 ወሩ እንዲደረግ ይመከራል። ይህ ከእናትም ከአባትም የሚወረስ ሕመም የሳንባን ንፍጥ ያወፍረዋል፣ ያጣብቀዋል። ቆሻሻ ጠርጎ ማውጣት የነበረበት ንፍጥ የባክቴሪያ መንደር ይሆናል። ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ ይገኛል። ዕድሜ ሲጨምር ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ይበረታል። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ሲመርጥ መንደሩ ውስጥ ማን እንዳለ ማወቅ አለበት። አክታ መቀበያው ዕቃ ውስጥ ምራቅ ብቻ ከገባ የሚያየው የአፍን ባክቴሪያ ነው።

መጀመሪያ የምርመራ ማዘዣው ላይ «ሲስቲክ ፋይብሮሲስ» መጻፉን አረጋግጡ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ብዙ ትለውጣለች። በርክሆልደሪያ የሚባለው አስቸጋሪ ባክቴሪያ የሚያድገው ቀስ ብሎ ነው። በተለመደው ማሳደጊያ (ላቦራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያ የሚበቅልበት ምግብ) ላይ ሱዶሞናስ ቀድሞ ቦታውን ይሞላውና በርክሆልደሪያ ሳይታይ ይቀራል። ላቦራቶሪው በሽታውን ካወቀ በርክሆልደሪያን ለይቶ የሚያሳድግ ማሳደጊያ ይጨምራል።

አዲስ አንቲባዮቲክ ታዞ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት አክታውን ስጡ። ከጀመራችሁም አትደብቁ፣ ንገሯቸው።

አፋችሁን በውሃ ብቻ ተጉመጥመጡ። ባክቴሪያ በሚገድል የአፍ ማጠቢያ አይሆንም። ከዚያ ለብቻችሁ ሁኑ፤ በተለይ ሌላ የሲስቲክ ፋይብሮሲስ ታማሚ አጠገባችሁ አይኑር። ባክቴሪያው ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚተላለፍ ቢያንስ 2 ሜትር መራራቅ ያስፈልጋል።

አሁን ዋናው ሥራ። በኔቡላይዘር (ፈሳሽን ወደሚተነፈስ ጉም በሚለውጥ መሣሪያ) የሚወሰድ የጨው ውሃ ታዞላችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ውሰዱ፤ ንፍጡን ያላላዋል። መጠነኛ አየር ሳቡና አፋችሁን ከፍታችሁ፣ መስታወት በትንፋሽ እንደምታደበዝዙ «ሃ» ብላችሁ ገፋ አድርጋችሁ አውጡ። ሁለት ሦስቴ ደጋግሙት። አክታው ወደ ላይ ሲመጣ ሲሰማችሁ ከደረት ሳሉና ዕቃው ውስጥ ትፉ። እየታገሉ ጉሮሮን ማድማት አያስፈልግም፤ ዕረፍት ውሰዱና እንደገና ሞክሩ። የዕቃውንም ሆነ የክዳኑን ውስጥ በእጅ አትንኩ።

የወጣውን እዩት። ቀጭንና አረፋማ ከሆነ ምራቅ ነው፤ ድገሙት። ወፍራምና የሚያጣብቅ ከሆነ ተሳክቶላችኋል። አረንጓዴ መሆኑ ብቻ የባክቴሪያውን ስም አይነግርም። ደም ካያችሁ ግን ለሐኪማችሁ ደውሉ።

ክዳኑን አጥብቁ፣ ስም፣ ቀንና ሰዓት ጻፉበት። በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ላቦራቶሪ ቢደርስ ጥሩ ነው። ካልሆነ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት እንጂ ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡት፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አትተዉት።

አክታ እምቢ ካለስ? እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደውን ትሪካፍታ የሚባል የሲስቲክ ፋይብሮሲስ መድኃኒት የሚወስዱ ብዙ ሰዎች ንፍጣቸው ስለሚቀንስ ይህ ይገጥማቸዋል። ያኔ ከጉሮሮ በጥጥ እንጨት ናሙና ይወሰዳል። ከምንም ይሻላል፤ ግን ታች ሳንባ ውስጥ ያለውን ሊስት ይችላል።

ውጤቱ ቀናት ይወስዳል። «የተለመደ የጉሮሮ ባክቴሪያ» ብቻ ተብሎ ቢመጣ ሳንባው ባዶ ነው ማለት አይደለም። እንደ ፕሬቮቴላ ያሉ ኦክስጅን የማይወዱ ባክቴሪያዎች በዚህ ምርመራ አይበቅሉም፤ በዲኤንኤ ምርመራ ግን ይታያሉ። ስለዚህ ወረቀቱን ፎቶ አንሱና ካለፈው ውጤት ጎን አስቀምጡት። አዲስ ስም ከተጨመረ በሚቀጥለው ቀጠሮ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ እሱ ይሁን።