ዋይት ስኔክሩትን ስንለይ የምንሠራቸው ስህተቶች

አገር ቤት አደይ በሚፈነዳበት ሰሞን፣ በምሥራቅ አሜሪካ ጫካዎች ጥላ ሥር ነጭ አበባ ይወጣል። ዋይት ስኔክሩት ይሏታል፤ ሳይንሳዊ ስሟ አጄራቲና አልቲሲማ ነው። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ጫካ ውስጥ በእግሩ የሚንሸራሸር ሰው ያገኛታል። መርዛማ ናትና ከሌላ ጋር መምታታት የለባትም።

ዙሪያዋን የከበበ መልካበባ ስለሌላት ከአደይ ወገን አይደለችም ማለት። ናት እንጂ! አደይ፣ ሱፍና ኑግ ዘመዶቿ ናቸው። አደይ ላይ አንድ አበባ የምንለው ብዙ ጥቃቅን አበቦች የተሰበሰቡበት ራስ ነው፤ ዳሩን የከበቡት ቢጫዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ አበባ ናቸው፣ መሀሉም ቱቦ መሳይ አበቦች የታጨቁበት ነው። ስኔክሩት የዳሮቹ የሏትም፤ ያላት የመሀሉ ብቻ ነው። በአንዲት ትንሽ ራስ ውስጥ ከ10 እስከ 30 የሚደርሱ፣ ጫፋቸው አምስት ቦታ የተሰነጠቀ ነጭ ቱቦዎች አሉ። ከየቱቦው ሁለት ቀጫጭን ክሮች ስለሚወጡ ራሷ ጸጉራም ትመስላለች። ይህን ለማየት ማጉሊያ መነጽር ያስፈልጋል፤ ያለሱ የሚሰጥ ፍርድ ግምት ነው።

በነጭነቷ ብቻ መለየት። ቦንሴት የሚባለው ተክልም በዚያው ወቅት ነጭ ያብባል። ወሳኙ ቅጠሉ ነው። የቦንሴት ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ከሥራቸው ስለሚጋጠሙ፣ ግንዱ መሀላቸውን በስቶ ያለፈ ይመስላል። የስኔክሩትም ቅጠሎች ፊት ለፊት ይበቅላሉ፤ ግን እያንዳንዱ በራሱ ዘንግ ላይ ነው የተንጠለጠለው፣ ሰፊ ነው፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርሳም ነው፣ ከሥሩም ሦስት ጎላ ያሉ ጅማቶች ይነሳሉ።

በቁመቷ መተማመን። ከ30 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ተኩል ትለያያለች። ቁመት ምንም አይነግርም።

የድሮውን ስም ሌላ ተክል ማድረግ። በቆዩ መጻሕፍት ዩፓቶሪየም ሩጎሰም ተብላ የተጻፈችው እሷው ናት።

ስትደርቅ ጉዳት የላትም ብሎ ማሰብ። ይህኛው አደገኛው ነው። ትሬሜቶል የሚባለው መርዟ ሲደርቅ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ ስለዚህ ድርቆሽ ውስጥ መግባት የለባትም። የበላቻት ላም ትንቀጠቀጣለች፣ መርዙም በወተቷ ወደ ሰው ያልፋል። የአብርሃም ሊንከን እናት ናንሲ እ.ኤ.አ. በ1818 ኢንዲያና ውስጥ የሞቱት በዚህ የወተት በሽታ እንደሆነ ይነገራል፤ ልጃቸው ያኔ 9 ዓመቱ ነበር። ዛሬ የብዙ እርባታዎች ወተት ስለሚቀላቀል አደጋው ቀንሷል፤ ከራሱ ላም ወይም ፍየል አልቦ ለሚጠጣ ግን አሁንም አለ።

ከችግኝ መሸጫ የተገዛችውን ሌላ አድርጎ ማየት። ጥቁር ቡናማ ቅጠል ያላት፣ “ቸኮሌት” በሚል ስም የምትሸጠው ዝርያዋ ያው ነው። ፍየል ያለው ሰው ግቢው ውስጥ ባይተክላት ይሻላል፤ ፍሬዋ ነጭ ጸጉር ስላለው ነፋስ ወደ ግጦሹ ይወስደዋል።