ሾኩን ከመውቀሳችሁ በፊት፦ ባጊ ስናስተካክል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እንጦጦን ተሻግራችሁ ወደ ሱሉልታ ስትወርዱ ሜዳው ይሰፋል። በበጋ ጥቁሩ መረሬ ደርቆ ይሰነጠቃል። ኮሮኮንቹ መንገድ እንደ ቆርቆሮ ይሸነሸናል። በአሮጌ ቮልስ ሻንሲ ላይ የሠራሁትን ባጊ፣ ማለትም ቦዲው ተነስቶ በቧንቧ ፍሬም የተሠራ ቀላል የሜዳ መኪና፣ የምሞክረው እዚያ ነው። የራሴንም የጓደኞቼንም ባጊዎች ስነካካ ዓመታት አልፈዋል። ባጊው ሲነጥር፣ ሆዱ መሬት ሲመታ፣ ኋላው ሲዋልል ሁላችንም ቀድመን የምንወቅሰው ሾኩን፣ የሞላውን ንጥረት የሚያበርደውን በዘይት የሚሠራ ቱቦ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከሱ በፊት ያለ ነው። ክብደቱ አልታወቀም፣ ከፍታው አልተስተካከለም፣ ሞላው አልተመጠነም። ሾክ የሚነካው እነዚህ ካለቁ በኋላ ነው።

ክብደቱን በግምት መያዝ

ቮልስ ከፋብሪካ ሲወጣ 800 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቦዲውን አንስታችሁ የቧንቧ ፍሬም ስትበይዱበት ክብደቱ ይለወጣል። ሞተሩ ግን ያው ከኋላ ነው። ስለዚህ ፊቱ ከምታስቡት በላይ ቀላል ይሆናል። ስንት እንደሆነ በዓይን አይታወቅም።

የምድር ሚዛን ያለበት ቦታ ፈልጉ። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ብቻ ሚዛኑ ላይ አውጡ፣ ቀጥሎ መላውን ባጊ፣ በመጨረሻ የኋላዎቹን ብቻ። ሦስቱንም ጻፉ። ሹፌሩ ይቀመጥ፣ ነዳጁ ይሞላ፣ መለዋወጫ ጎማውና የመፍቻ ሳጥኑ ቦታቸው ላይ ይሁኑ። ባዶውን መዝኖ ሞላ መምረጥ ሳይለኩ ጫማ እንደ መግዛት ነው።

ከፍ ብሎ የቆመውን ኋላ እንዳለ መተው

ይህ የቮልስ ባጊ ትልቁ ችግር ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የቮልስ ኋላ ጥቅል ሞላ የለውም። ክብደቱን የሚሸከመው በቱቦ ውስጥ የተኛ፣ የሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ ነው። ቶርሽን ባር ይባላል። ዘንጉ የተመጠነው ለሙሉ መኪና ክብደት ነው። ቦዲው ሲነሳ ኋላው ቀና ብሎ ይቀራል። ሲያዩት ያምራል፣ ለጭንጫ መንገድም የተመቸ ይመስላል።

በአሮጌዎቹ ቮልሶች ላይ ግን አደጋ አለው። የኋላ አክሳቸው የሚታጠፈው ካምቢዮው አጠገብ ብቻ ነው። ኋላው ቀና ሲል የጎማዎቹ ራስ ወደ ውጭ፣ እግራቸው ወደ ውስጥ ይዘማል። በፍጥነት ስትታጠፉ የውጭው ጎማ ከሥር ይታጠፍና ባጊውን ወደ ላይ ይገፋዋል። መገልበጥ የሚመጣው እንዲህ ነው። ይህን ችግር ምንም ዓይነት ሾክ አያድነውም።

መፍትሔው ዘንጉ ራሱ ላይ አለ። የውስጥ ጫፉ 40 ጥርስ፣ የውጭ ጫፉ 44 ጥርስ አለው። ውስጡን አንድ ጥርስ ማዞር 9 ዲግሪ ነው፤ ውጭውን አንድ ጥርስ ማዞር ከ8 ዲግሪ ጥቂት ያለፈ። አንዱን ወደ አንድ ጎን፣ ሌላውን ወደ ተቃራኒው ብታዞሩ ለውጡ ከ1 ዲግሪ ያነሰ ይሆናል። ያን ያህል በጥቃቅን ማስተካከል ይቻላል ማለት ነው። ሁለቱንም ጎን እኩል አድርጉ። ስትፈቱ ግን ተጠንቀቁ። ዘንጉን የያዘው ላሜራ ከማረፊያው ሲወጣ በኃይል ወደ ታች ይወረወራል። ከሥሩ ክሪክ ደግፉ፣ እጃችሁን አርቁ።

ቁመቱን ስትለኩም አንድ ነገር አትርሱ። ባጊው ከክሪክ ሲወርድ ጎማዎቹ መሬቱን ነክሰው ስለሚይዙ ከልኩ በላይ ከፍ ብሎ ይቆማል። ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት፣ ከዚያ ሜትራችሁን አውጡ።

ሞላን በእሳት ዝቅ ማድረግ

ሌላው ባጊዬ ግን ባለ ጥቅል ሞላ ነው። ከፍ ብሎ ሲያስቸግረኝ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፣ በኦክስጅን እሳት አሙቀው ዝቅ አደረጉልኝ። የዚያን ቀን ደስ አለኝ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው በአንድ ጎኑ ተኝቶ አገኘሁት። ሞላ ጉልበቱን የሚያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በልክ ከተሰጠው ሙቀት ነው። እሳት ሲነካው ያ ጉልበት ይጠፋል፣ መቼ እንደሚሰበርም አታውቁም። ልኩን የሚመጥን ሌላ ሞላ ፈልጉ። ሌላ መንገድ የለውም።

ቀለበቱን በማጥበቅ ሞላውን ያጠነከሩ መምሰል

ሾክና ሞላ አንድ ላይ ያለው ባጊ ከሆነ ከሞላው ራስ ላይ የሚዞር ቀለበት አለ። ባጊው ሆዱ ሲመታ ቀለበቱን ወደ ታች ማጥበቅ ይቀናናል። ተራ ሞላ በዚህ አይጠነክርም። ባጊው ከፍ ይላል፣ ያ ብቻ ነው። ጎማው ወደ ጉድጓድ የሚወርድበት ቦታ ደግሞ ያን ያህል ይቀንሳል። እኔ የምይዘው መነሻ ይህ ነው፦ ሹፌሩ ተቀምጦ ባጊው ሲቆም ጎማው ከሙሉ እንቅስቃሴው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ወደ ታች ይቅረው። ቀለበቱን ብዙ ካላጠበቃችሁ እዚያ የማይደርስ ከሆነ ሞላው ለስልሷል፣ ቀይሩት።

ያገኙትን ሾክ መግጠም

ሶማሌ ተራ ያገለገለ የፒክአፕ ሾክ አይጠፋም። ዋጋው ስለሚመች ብዙዎቻችን ገዝተነዋል። ችግሩ ያ ሾክ የተሠራው የባጊውን እጥፍና ከዚያ በላይ ለሚመዝን መኪና መሆኑ ነው። በቀላል ባጊ ላይ እንደ ደረቅ እንጨት ይሆናል። ጎማው መሬቱን መከተል ትቶ ይዘላል።

አገጣጠሙም አለ። ሾኩን ቀጥ ካለው መስመር 45 ዲግሪ ብታጋድሙት ከጉልበቱ የሚደርሳችሁ ግማሹ ብቻ ነው። ባለ ሁለት ቱቦ ሾክ ደግሞ ተገልብጦ አይገጠምም፣ ከዘይቱ ይልቅ ጋዙን ይስባል። ከመግጠማችሁ በፊት ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ አምስት ስድስት ጊዜ ጨምቁና ልቀቁት፣ በተኛበት የገባው አየር ይውጣ።

ሾኩን የእንቅስቃሴው ማቆሚያ ማድረግ

ሞላውን አውጡና ጎማውን በክሪክ ከታች እስከ ላይ አንቀሳቅሱት። የፍሬን ቱቦው ይወጠራል? ጎማው ፍሬሙን ይነካል? ሾኩ ተዘርግቶ ከማለቁ በፊት ጎማውን የሚይዝ ጠንካራ ቀበቶ፣ ተጨምቆ ከማለቁ በፊት የሚያርፍበት ላስቲክ ያስፈልጋል። እነዚህ ከሌሉ በመጀመሪያው ዝላይ የሾኩ ዘንግ ይጣመማል ወይም ሾኩ የታሰረበት የተበየደ ጆሮ ይነቀላል።

ሲነጥር ሁልጊዜ ማጥበቅ

አሁን ወደ ሾኩ ቁልፎች መጣን። ማስተካከያ ያለው ሾክ ካላችሁ ሁለት ሥራ እንዳለው አስቡ። አንዱ ሲጨመቅ መቋቋም ነው፣ ሌላው ሲመለስ ማዘግየት። ባጊው ሲነጥር ብዙ ሰው መመለሻውን ያጠብቃል። አንድ ጉብታ ላይ ልክ ነው። በተሸነሸነው ኮሮኮንች ላይ ግን ጎማው ሳይመለስ ሁለተኛው ጉብታ ይመጣል፣ ከዚያ ሦስተኛው። ባጊው በየጉብታው ዝቅ እያለ ሄዶ መጨረሻ ላይ ላስቲኩ ላይ ተኝቶ ይነዳል። ሹፌሩ «ሞላው ለሰለሰ» ይላል። መመለሻውን ቢያላላው ኖሮ ችግሩ ያልቅ ነበር።

መለያው ይኸውና። መጀመሪያዎቹ ጉብታዎች ላይ ጥሩ ሆኖ እየቆየ ከደረቀ መመለሻው ዘግይቷል። ከመጀመሪያው ጉብታ ጀምሮ ኋላው ወደ ላይ የሚወረውራችሁ ከሆነ ፈጥኗል። ቁልፉን ስትነኩ እስከ መጨረሻው አጥብቃችሁ ከዚያ «ቀጭ» የሚለውን እየቆጠራችሁ አላሉት። ቁጥሩን ጻፉ።

ብዙ ነገር ባንዴ መለወጥ

ሞላውን ቀይሮ፣ ሾኩን አላልቶ፣ ጎማውን አስተንፍሶ የተሻለለት ሰው ምን እንዳሻለው አያውቅም። አንድ ነገር ለውጡ፣ ያንኑ መንገድ በዚያው ፍጥነት ንዱ፣ ደብተራችሁ ላይ አስፍሩ። የጎማ ንፋስ በተለይ ያታልላል፣ ጎማውም ሞላ ነውና። የሱሉልታ ጠዋት ብርድ ነው። ቀኑ 10 ዲግሪ ሲሞቅ በዝቅተኛ ንፋስ የሚነዳ ጎማ 1 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) ገደማ ይጨምራል። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ለኩት። በክረምት ደግሞ መረሬው ጎማውና ቸርኬው ላይ እየተለጠፈ ያከብደዋል፣ የዚያን ቀን ውጤት አትመኑ።

ሙከራው ሲያልቅ ብሎኖቹን ሁሉ መልሳችሁ አጥብቁ። ከዚያ ሾኮቹ ሳይቀዘቅዙ የእጃችሁን ጀርባ አስጠጉ፣ ሊያቃጥል ስለሚችል ቀስ ብላችሁ። የሠራ ሾክ ይሞቃል። ግራና ቀኙን አወዳድሩ። አንዱ ሞቆ ጓደኛው ከቀዘቀዘ የቀዘቀዘው ሥራውን ትቷል፣ ዘንጉ ሥር ዘይት እንዳለ እዩ።