ስለ እምነት፣ ጥርጣሬና ፖለቲካ ስናወራ የምንሠራቸው ስህተቶች

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እዚህ ጎረቤት የሚገኘው በዕጣ ነው። በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ ሰዎች መካከል ማተብ ያሰረ አለ፣ ሂጃብ የለበሰች አለች፣ እሁድ ጠዋት መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ቸርች የምትሄድም አለች። ለቅሶ ሲሆን ሁላችንም አንድ ድንኳን ውስጥ እንቀመጣለን። ፖለቲካና ሃይማኖት አንድ ላይ ሲነሱ ግን ቡና መጠራራት ያቆሙ ጎረቤታሞችን አይቻለሁ። ያሳዝነኛል። ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልጻፋቸው።

ጥያቄን እንደ ክህደት መቁጠር

በቅርቡ ቡና ላይ ነን። ቶናው እየተቀዳ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ስለ አንድ ፈውስ የሚያወራ ቪዲዮ በስልኳ አሳየችን። የእህቷ ልጅ «የት ነው የተቀረጸው? በሽተኛውን የሚያውቀው ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። ስልኩን ጉልበቷ ላይ ደፋችው። «ዩኒቨርሲቲ የገባኸው ሃይማኖትህን ልትጥል ነው እንዴ?» አለችው። ልጁ ሲኒውን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ።

ልጁ የጠየቀው ስለ ቪዲዮው ነው። ስለ እግዚአብሔር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ደግሞ እምነታችን ራሱ ለጠያቂ ቦታ አለው። ከፋሲካ ቀጥሎ ያለው እሁድ፣ ዳግማይ ትንሣኤ፣ ቶማስ የሚታሰብበት ነው። ካላየሁ፣ ካልዳሰስሁ አላምንም ያለው ሰው ከሐዋርያነቱ አልተባረረም። በቁርኣንም ኢብራሂም ሙታንን እንዴት እንደምታስነሳ አሳየኝ ብሎ ጌታውን ይለምናል። አላመንክም ወይ ሲባል፣ አምናለሁ፣ ልቤ እንዲረጋ ነው ይላል። የሚጠይቅ ልጅ ቤታችሁ ካለ እባካችሁ አታሸማቅቁት።

ከማተብና ከሂጃብ ፓርቲ ማንበብ

«ጴንጤ ከሆነማ የመንግሥት ሰው ነው።» «ማተቡን አታይም? የእነ እንትና ነው።» ታክሲ ሰልፍ ላይ ይህን ያልሰማ የለም። ታሪካችን ግን እንዲህ አይነበብም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው አዲስ አበባ አደባባይ ሲወጡ፣ አብረዋቸው የተሰለፉ ክርስቲያኖች ነበሩ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ደግሞ በ1971 ዓ.ም. በደርግ እጅ ተገደሉ። በትምህርተ ሃይማኖት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ የገደላቸው ግን አንድ መንግሥት ነው። ጎረቤትህ ምን እንደሚያስብ ማወቅ ከፈለግህ ራሱን ጠይቀው።

የሌላውን ወሬ ብቻ መጠራጠር

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። የማንወደው ወገን የለጠፈውን ፎቶ እናገላብጣለን፣ እናጎላለን፣ ውሸት ነው እንላለን። የእኛ ወገን የላከውን ግን ሳንከፍት ለቤተሰብ ግሩፕ ፎርዋርድ እናደርጋለን። ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፣ መስጊድ ፈረሰ የሚል ወሬ በአንድ ሌሊት ሰፈር ለሰፈር ሲዳረስ፣ የሚጎዳው ጠዋት ሱቁን ሊከፍት የወጣ ምስኪን ነው። እኔ አሁን ከመላኬ በፊት ፎቶው መቼ፣ የት ተነሳ ብዬ እጠይቃለሁ። እዚያ አካባቢ ዘመድ ካለኝ እደውላለሁ። ወሬው ካበሸቀኝ ደግሞ አሳድረዋለሁ። በተለይ የራሴን ወገን የሚያስደስት ከሆነ።

ሃይማኖትና መንግሥት ተለያዩ ሲባል እግዚአብሔር ተካደ ማለት

አይደለም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ሃይማኖትነት ቦታ ሰጥቶ ነበር። የ1987ቱ በአንቀጽ 11 መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም ይላል፤ መንግሥትም በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል። የማመን ነጻነት በአንቀጽ 27 ተጽፏል። በሥራ ላይ ይከበራል ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ መከራከርም አለብን።

የማያምን ሰው ወገን የለውም ብሎ ማሰብ

ይህ የተጠራጣሪዎች ስህተት ነው። ሃይማኖት የተወ ሰው ከጭፍንነትም የወጣ ይመስለዋል። የአብዮቱ ዘመን ፓርቲዎች ኢሕአፓና መኢሶን ሁለቱም ማርክሲስት ነበሩ። አንድ ዓይነት መጽሐፍ ያነበቡ፣ አንድ ግቢ የተማሩ ልጆች በ1969 ዓ.ም. ተገዳደሉ። ስለዚህ የሚጾመውን ጎረቤትህን ኋላ ቀር አትበለው። የራስህንም ፓርቲ እንደዚያ የፈውስ ቪዲዮ መርምረው።

በዚያው ልክ የማያምነውንም አናሳድደው። አንድ ጎረቤቴ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም እንደማይሄድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነግሮኛል። ይህን የምጽፈው ፈቅዶልኝ ነው። «እድሩ ቢሰማ ይቀብሩኛል?» አለኝ። ባለፈው ለቅሶ የድንኳኑን ብረት ተሸክሞ አራት ፎቅ ሲያወርድ ነበር። ጸሎት ሲደረስ ከሁላችን ጋር ተነስቶ ቆመ።